ትንሽ የሰዋስው ስህተት በኮድ ውስጥ፦ በምን ትታረም? እንዴትስ ትላክ?

የሰው ኮድ እያነበባችሁ ሳለ ኮሜንቱ (ለሰው አንባቢ የተጻፈው ማብራሪያ) ላይ ፊደል የጎደለው ቃል አያችሁ እንበል። ወይም ዶክመንቴሽኑ ላይ ግሡና ባለቤቱ አልተስማሙም። ማረም ትፈልጋላችሁ። በምን? በዓይን? በፊደል አራሚ ፕሮግራም? በኤአይ? ካረማችሁት በኋላስ ብቻውን ትልኩታላችሁ ወይስ ከሌላ ሥራ ጋር?

ለቸኮለ አንባቢ መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለአብዛኛው ፕሮጀክት ኮድስፔል ወይም ታይፖስ የተባለው ፊደል አራሚ ይበቃል። ረጅም ዶክመንቴሽን ካላችሁ ሃርፐር ወይም ላንጉዌጅቱል የተባለውን የሰዋስው አራሚ ጨምሩበት። ብዙ ሰው የሚጽፍበት ቡድን ከሆናችሁ የአጻጻፍ ሕግ የሚያስከብረውን ቬልን መትከል ያዋጣል። ኤአይን በጠባብ ትእዛዝ ብቻ ተጠቀሙበት። በየትኛውም አርሙ፣ የተለወጠውን መስመር ሁሉ በዓይናችሁ ሳታዩ አትላኩ።

መመዘኛዬ አንድ ነው። የአንዲት ፊደል እርማት ላኪውን ብዙም አያደክመውም። ተቀባዩ ግን ፑል ሪኩዌስቱን (ለውጤን ተቀበሉኝ የሚለውን ጥያቄ) መክፈት፣ ማንበብ፣ ማረጋገጥና ከዋናው ኮድ ጋር መቀላቀል አለበት። ስለዚህ ከመንገዶቹ የተሻለው ለተቀባዩ ሥራ የሚቀንሰው ነው። ቀጥሎ ያሉትን ሁሉ የመዘንኳቸው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ስህተቱ ምን ዓይነት እንደሆነ እዩ

ስህተት ሁሉ እኩል አይደለም። ትርጉም የሚገለብጥ አለ። አንድ ኮሜንት «ሎኩን ይዛችሁ ይህን ፋንክሽን አትጥሩ» ማለት ነበረበት እንበል፤ ሎክ ማለት ሁለት ሥራ አንድን ዳታ በአንድ ጊዜ እንዳይነካ የሚያግድ ቁልፍ ነው። በእንግሊዝኛ አሉታዋ «ኖት» የምትባል ሦስት ፊደል ናት። እሷ ከተዘለለች ኮሜንቱ «ሎኩን ይዛችሁ ይህን ፋንክሽን ጥሩ» ይላል። ያመነው ሰው ፕሮግራሙ ባለበት ደርቆ ይቀርበታል። የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ፣ ፔፕ 8፣ ኮዱን የሚቃረን ኮሜንት ከነጭራሹ ኮሜንት ከሌለው ኮድ ይብሳል ይላል። እውነት ነው። ፊደል አራሚ ይህን አይዘውም፤ እያንዳንዱ ቃል በትክክል ተጽፏልና። የሰዋስው አራሚም አይዘውም፤ ዓረፍተ ነገሩ ምንም አልጎደለውም። ይህን የሚይዘው ኮዱን ከኮሜንቱ ጋር ያነበበ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ካገኛችሁ እንደ ሰዋስው ሳይሆን እንደ ባግ ሪፖርት አድርጉት።

ሁለተኛው ፍለጋ የሚያበላሽ ነው። ቃሉ በተሳሳተ ፊደል ከተጻፈ በግሬፕ (በፋይል ውስጥ ቃል በሚፈልገው ፕሮግራም) የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሲስተም እምብርት) የፓች፣ ማለትም የኮድ ለውጥ፣ አላላክ መመሪያ ለረጅም ጊዜ «ጥቃቅን ፓች» ብሎ በስም ከዘረዘራቸው ውስጥ በዶክመንቴሽን ላይ ያለ የፊደል ስህተት አንዱ ነበር። ሌላው ግሬፕን የሚያደናቅፍ የፊደል ስህተት ነው። ይህን መለያ እወደዋለሁ። እርማቱ ከማማር ያለፈ ጥቅም እንዳለው በአንድ ቃል ያስረዳል።

ሦስተኛው የመልክ ብቻ ነው፤ ኮማ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ የጎደለች «ዘ»። በአማርኛ አፋችንን የፈታን ሰዎች በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ነው። «ኤ» እና «ዘ» ይጠፉብናል፤ በሦስተኛ መደብ ግስ ላይ የምትቀጠለው «ኤስ» ትረሳለች። ይህን ልብ በሉ፤ መሣሪያ ስትመርጡ ትልቅ ልዩነት የሚያመጣው ይህ ነው።

ቃል በቃል የሚያርሙት

እዚህ ሁለት ቤተሰብ አለ። ልዩነታቸውን ያልተረዳ ሰው አንዱን ጭኖ በሳምንቱ ተናድዶ ያጠፋዋል።

ኮድስፔልና ታይፖስ የሚሠሩት በታወቁ ስህተቶች ዝርዝር ነው። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ እንዲህ ተብሎ ይበላሻል፣ ትክክሉ ይህ ነው የሚል መዝገብ ይዘዋል። በመዝገቡ ውስጥ የሌለ ነገር ካዩ ዝም ይላሉ። ስለዚህ የሐሰት ጩኸታቸው ትንሽ ነው። ጉድለታቸውም ከዚያው ይመጣል፤ ማንም ከዚህ በፊት ያልተሳሳተውን አዲስ ስህተት ያልፉታል።

የቪኤስ ኮድ ኤዲተር ተጠቃሚዎች የሚያውቁት ሲስፔል ተቃራኒ ነው። የትክክለኛ ቃላት መዝገበ ቃላት ይይዛል። በዚያ ውስጥ ያልተገኘውን ሁሉ ያሰምርበታል። ብዙ ስህተት ይይዛል፤ ብዙም ያስቸግራል። የባልደረባችሁ ስም ዘሪሁን ከሆነ ይሰመርበታል። የከተማ ስም፣ የኩባንያ ስም፣ ቡድኑ ለራሱ የፈጠረው አኅጽሮተ ቃል፣ ሁሉም ይሰመርበታል። መፍትሔው ለፕሮጀክቱ የራሱን የቃላት ፋይል ማዘጋጀትና እዚያ እየጨመሩ መሄድ ነው። ፋይሉ ከኮዱ ጋር ኮሚት ይደረግ (በፕሮጀክቱ የለውጥ ታሪክ ይመዝገብ)፤ አለበለዚያ እያንዳንዱ ሰው ያንኑ ቃል በየላፕቶፑ ሲጨምር ይኖራል።

እኔ የምመክረው ሲስፔልን ኤዲተር ውስጥ፣ ኮድስፔልን ወይም ታይፖስን ደግሞ አውቶማቲክ ፍተሻው ላይ ማድረግ ነው። ስትጽፉ ቢያሰምርባችሁ አትጎዱም፤ ዓይታችሁ ታልፋላችሁ። የባልደረባን ፑል ሪኩዌስት በማያውቀው ስም ምክንያት የሚያግድ ፍተሻ ግን ሰው ያማርራል።

ከኮድስፔልና ከታይፖስ የቱ? ኮድስፔል በፓይተን የተጻፈ ነው፤ በፓይተን ጫኚ ፕሮግራም፣ በፒፕ፣ ይጫናል። የሊኑክስ ከርነል ፓች መፈተሻ የሆነው ቼክፓች የራሱ የስህተት ዝርዝር አለው፤ ከፈለጋችሁ የኮድስፔልንም መዝገብ እንዲጠቀም ማዘዝ ይቻላል። ታይፖስ በረስት የተጻፈ ነው፤ ትልቅ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ላይ ፍጥነቱ ይሰማችኋል። ሌላው ጥንካሬው የተጣመሩ ስሞችን መበተኑ ነው። ሁለት ቃል ተጣብቆ በትልቅ ፊደል ወይም በስር ሰረዝ ከተለየ፣ ለየብቻ ያያቸዋል። የፓይተን ቡድን ከሆናችሁ ኮድስፔል፣ ሪፖው ግዙፍ ከሆነ ታይፖስ። ከዚያ በላይ አትጨነቁበት።

መጨነቅ ያለባችሁ በሌላ ነገር ነው። ሁለቱም የሚያነቡት ኮሜንት ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ፋይሉን ነው። ጽፈህ አስተካክል የሚለውን አማራጭ ስትሰጧቸው የቫሪያብል ስም፣ የጄሰን ቁልፍ፣ የዳታቤዝ ዓምድ ስም ሳይቀር ሊለውጡ ይችላሉ። ዓምዱ ዳታቤዙ ውስጥ በተሳሳተው ፊደል ተቀምጧል፤ ኮዱ በትክክለኛው ይጠይቀዋል፤ ሲስተሙ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ እርማት አስነሡት፤ ዝርዝሩን እዩ። ኮድስፔል አንድ በአንድ እየጠየቀ እንዲያርም ማድረግም ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ደህና ነው።

ሰዋስው የሚያዩት

ከላይ ያልኳቸው ሁሉ የጎደለች «ዘ» አያዩም። የተረሳች «ኤስ» አያዩም። የእኛን ስህተት የሚይዙት እነዚህ ናቸው።

ላንጉዌጅቱል በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ከ20 በላይ ቋንቋዎች ያውቃል። በጃቫ የተጻፈ ነው፤ በራሳችሁ ማሽን ላይ እንደ ሰርቨር ልታስነሡት ትችላላችሁ። ያን ካደረጋችሁ ጽሑፉ ከቤት አይወጣም። ለረጅም ዶክመንቴሽን፣ ለመመሪያ፣ ለሪድሚ (ለፕሮጀክቱ መግቢያ ፋይል) በጣም ጎበዝ ነው። ለኮድ ግን አልተሠራም። የማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች የሚቀረጽ ጽሑፍ) ፋይል እንዳለ ብትሰጡት በመሃል ያለውን የኮድ ናሙና እንደ ዓረፍተ ነገር ሊያነበው ይሞክራል። ጽሑፉን የሚለይለት ኤክስቴንሽን ያስፈልገዋል።

ሃርፐር አዲሱ ነው። እሱም በረስት የተጻፈ ነው፤ የዎርድፕረስ ዶት ኮም ባለቤት የሆነው «አውቶማቲክ» የሚባለው ኩባንያ ነው የሚደግፈው። ሁሉን የሚሠራው በራሳችሁ ማሽን ላይ ነው። ኤዲተር ውስጥ ሲገባ የብዙ ቋንቋዎችን ኮድ ይለያል፤ ኮሜንቱን ብቻ አውጥቶ ይፈትሻል። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ልክ የሚሆነው መሣሪያ እሱ ነው። ጥልቀቱ ላንጉዌጅቱልን አይተካከልም፤ የተዘጋጀውም ለእንግሊዝኛ ነው። ግን ፈጣን ነው፤ ሰርቨር ማስነሣት የለም፤ ራም አይበላም። በእንግሊዝኛ ኮሜንት ለሚጽፍ አማርኛ ተናጋሪ ፕሮግራመር አንድ ነገር ብቻ ጫን ብባል ሃርፐርን እላለሁ።

ግራመርሊን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። ነገር ግን የምትጽፉት ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄዳል። ለክፍት ፕሮጀክት ዶክመንቴሽን ችግር የለውም። የመሥሪያ ቤት ኮድ ከሆነ አለቃን ሳትጠይቁ አታስገቡ።

ቬል ከእነዚህ ይለያል። የሰዋስው አራሚ ከማለት የአጻጻፍ ሕግ አስከባሪ ብለው ይሻላል። ሕጎቹን በያምል (በማዋቀሪያ ጽሑፍ) ፋይል ትጽፋላችሁ፤ «ይህን ቃል አትጠቀም፣ በእሱ ፈንታ ያኛውን ጻፍ» እያላችሁ። የጉግልና የማይክሮሶፍት የአጻጻፍ መመሪያዎች ተዘጋጅተው የቀረቡበት ጥቅል አለው። ማርክዳውንን ያውቃል፤ የኮድ ናሙናውን ይዘላል። ኮሜንትንም ለይቶ ማንበብ ይችላል። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ከተደገመም ይይዛል፤ ይህ በዓይን የሚታለፍ የተለመደ ስህተት ነው። ዋጋው ማዋቀሩ ነው። መጀመሪያ ላይ በመቶ የሚቆጠር ማስጠንቀቂያ ሊያዘንብባችሁ ይችላል። ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ አያዋጣም። አምስት ሰው የሚጽፈው ዶክመንቴሽን ከሆነ ግን ክርክርን ያስቀራል፤ ሰው ሰውን ከሚያርም ሕጉ ቢያርመው ማንም አይከፋም።

ኤአይስ?

ኤአይ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥበት ነገር አለው። ዓረፍተ ነገሩን ከዙሪያው ጋር ያነባል። ኮዱን አብራችሁ ከሰጣችሁት የተዘለለችውን «ኖት» አንዳንዴ ያገኛታል። ሌላ መሣሪያ ይህን አያደርግም።

አደጋው ያልተጠየቀውን ማሳመሩ ነው። ኮማ አስተካክል ስትሉት አንቀጹን እንደገና ይጽፈዋል። እዚህ ላይ የሚጎዳው የእንግሊዝኛው «መስት»፣ «ሹድ» እና «ሜይ» ጉዳይ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 2119 የተባለው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ እነዚህ ቃላት በቴክኒክ ሰነድ ውስጥ ምን እንደሚያስገድዱ በትክክል ወስኗል። የመጀመሪያው ግዴታ ነው፤ ሁለተኛው በቂ ምክንያት ካለ ሊታለፍ የሚችል ምክር፤ ሦስተኛው ፈቃድ። ዓረፍተ ነገሩን ለማለስለስ ብሎ «መስት»ን ወደ «ሹድ» የለወጠ አራሚ፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ ሰዋስው አላረመም። ውል ነው የቀየረው።

ስለዚህ ፋይሉን ሰጥታችሁ «አስተካክለህ መልስልኝ» አትበሉ። «የሰዋስው ስህተት ያለባቸውን መስመሮች ብቻ ዘርዝር፣ ከእያንዳንዱ ጎን እርማቱን ጻፍ፣ ሌላ ነገር አትንካ» በሉት። ከዚያ ራሳችሁ መርጣችሁ አስገቡ። በጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ፕሮግራም) ዲፍ፣ ማለትም ለውጥ ማሳያው፣ ላይ የቃል በቃል አማራጩን ብትጠቀሙ የተለወጠችው ቃል ብቻ ተለይታ ትታያችኋለች። ሙሉ መስመር ከማነጻጸር በእጅጉ ይቀላል።

ሌላም ነገር አለ። ኤአይ ያመነጨውን የማይቀበሉ ፕሮጀክቶች አሉ። ጄንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ከልክሏል። ኔትቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተምም በዚያው ዓመት ያለ ቅድሚያ ፈቃድ እንዳይገባ አድርጓል። ለኮማ ብላችሁ ከፕሮጀክት ጋር አትጣሉ፤ ደንቡን ቀድማችሁ አንብቡ።

ብቻውን ልላከው ወይስ ላጠራቅመው?

መሣሪያ ከመምረጥ ይልቅ ከባዱ ይህ ነው። ሰዎች የሚቀያየሙትም እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ፊደል አርሞ አንድ ፑል ሪኩዌስት መላክ ቀላል ነው። ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ የእርሳስ ምልክቷን ተጭናችሁ አርማችሁ ትልካላችሁ፤ ፎርኩን (የራሳችሁን ቅጂ) ራሱ ይሠራላችኋል። ግን ሁሉም አይወደውም። የኩበርኔቲስ (ትልቅ ክፍት ፕሮጀክት ነው) የአስተዋጽዖ መመሪያ ጥቃቅን እርማት ነጥሎ መላክን በግልጽ አይመክርም። ምክንያቱንም ይሰጣል። እያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት የሰው ድካም ይጠይቃል፤ አንድ ስህተት ያለበት ፋይል ደግሞ ሌላም ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ሙሉ ፋይሉን ፈትሹ፣ የተሰበረ ሊንክም ካለ አስተካክሉ፣ ሁሉን በአንድ ላይ ላኩ ይላል። ይህ ለትልቅ ፕሮጀክት ትክክለኛ ምክር ነው ብዬ አምናለሁ። በተቃራኒው ፓይተን ለታይፖ የመሰለ ጥቃቅን ነገር ቀድሞ ኢሹ (የችግር ማስታወቂያ) መክፈትን አይጠይቅም፤ ፑል ሪኩዌስቱ በቀጥታ ይበቃል። ሊኑክስ ከርነል ላይ ደግሞ የአንዲት ፊደል ፓችም ቢሆን የላኪው ፊርማ መስመር ይኖረዋል፤ ፕሮጀክቱ በዚህ አይደራደርም።

ይህ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ የጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ሃክቶበርፌስት ያስታውሰናል፤ ለክፍት ፕሮጀክት ፑል ሪኩዌስት የላከ ቲሸርት የሚሸለምበት ዘመቻ ነበር። ቲሸርት ለማግኘት ሲባል ብዙ ፕሮጀክቶች በከንቱ የሪድሚ «እርማት» ተጥለቀለቁ። አዘጋጁ ዲጂታልኦሽን በዚያው ወር ደንቡን ለውጦ ፕሮጀክቶች ራሳቸው ፈቅደው እንዲገቡ አደረገ። ዛሬ አዲስ ሰው አንድ ቃል አርሞ ሲልክ በጥርጣሬ ቢታይ ከዚያ ወዲህ ነው። ከልባችሁ የምታርሙ ከሆነ ፋይሉን በሙሉ ማንበባችሁ ያንን ጥርጣሬ ያነሣላችኋል።

የባሰው ምርጫ እርማቱን ከሥራ ኮድ ጋር መደባለቅ ነው። ባግ አስተካክላችሁ በዚያው ኮሚት አርባ ኮሜንት ካረማችሁ፣ የሚገመግመው ሰው ዋናዋን መስመር በገለባው ውስጥ ይፈልጋት። ቢያንስ ኮሚቱ ይለይ። ቢቻል ፑል ሪኩዌስቱም ይለይ።

ጅምላ እርማት ከሆነ ጊት ብሌም ይበላሻል፤ መስመሩን ማን ጻፈው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የእናንተን ስም ያገኛል። ለዚህ መላ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው ጊት 2.23 ጀምሮ ብሌም የተወሰኑ ኮሚቶችን እንዲዘልል በፋይል መዘርዘር ይቻላል። ጊትሃብም ያንን ፋይል ያነባል።

የማይነኩ ስህተቶች

አንዳንድ ስህተት ስህተት ሆኖ መኖር አለበት። የኤችቲቲፒ «ሪፈረር» ሄደር (ብራውዘሩ ከየትኛው ገጽ እንደመጣ ለሰርቨሩ የሚናገርበት መስመር) ድርብ መሆን ያለበት «አር» አንድ ብቻ ሆኖ ተጻፈ። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 1945 እንዲያው መዘገበው፤ ብራውዘሩም ሰርቨሩም እስከ ዛሬ በዚያው ይነጋገራል። የዩኒክስ ፋይል መፍጠሪያ ጥሪም መጨረሻው ላይ «ኢ» ጎድሎት ኖሯል። እነዚህን ኮድ ውስጥ «ያረመ» ሰው ፕሮግራም ይሰብራል። አራሚያችሁ እንዲያልፋቸው ዝርዝር ውስጥ አስገቡ።

ሌላው ለተጠቃሚ የሚታይ ስትሪንግ፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ፣ ነው። ትርጉሙ በጌትቴክስት (በሶፍትዌር መተርጎሚያ መሣሪያ) የሚሠራ ከሆነ፣ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ራሱ ቁልፍ ነው። አንዲት ኮማ ስትጨምሩ በየቋንቋው የተሠራው ትርጉም አጠራጣሪ ተብሎ ይመዘገባል። ተርጓሚ መጥቶ እስኪያጸድቀው ድረስ በተለመደው አሠራር አይታይም፤ ተጠቃሚው እንግሊዝኛ ያያል። ሶፍትዌርን ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ ፈቃደኞች ጥቂት ናቸው። ያቺ ኮማ የእነሱን ሥራ ለወራት ልትደብቅ ትችላለች። ስለዚህ ስትሪንግ ላይ የመልክ ብቻ የሆነውን ስህተት ተዉት፤ ትርጉም የሚያዛባውን ግን ለተርጓሚዎቹ አሳውቃችሁ አርሙ።

ዶክመንቴሽኑ በአማርኛ ከሆነ

ፔፕ 8 እንግሊዝኛ ተናጋሪ ያልሆኑ ፕሮግራመሮች ኮሜንት በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ ይመክራል፤ ኮዱን ቋንቋችሁን የማያውቅ ሰው እንደማያነበው 120 በመቶ እርግጠኛ ካልሆናችሁ በቀር። ለኮሜንት እስማማለሁ። የተጠቃሚ መመሪያ ግን ሌላ ነው። ለአዳማ ወይም ለባሕር ዳር ሠራተኛ የሚሠራ ሲስተም መመሪያው በአማርኛ ቢሆን ይገባዋል።

እዚህ ከላይ የዘረዘርኳቸው አብዛኞቹ አይረዷችሁም። ላንጉዌጅቱል ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም። ኮድስፔልና ታይፖስ የእንግሊዝኛ ስህተት ነው የሚያውቁት። የሚያገለግላችሁ ቬል ነው፤ የምትክ ሕጉን በአማርኛ ቃላት መሙላት ትችላላችሁ። እሱም ከከበዳችሁ ፈልጎ መተካት ይበቃል።

ምን ይፈለግ? መጀመሪያ አራት ነጥብ። ኢትዮጵያዊው ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ዝርዝር) ሲገባ አራት ነጥብ «።» የራሱን ቦታ አግኝቷል። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ደጋግሞ «፡፡» ይጽፋል፤ አንዳንዱ የላቲኑን «::» ያስገባል። ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለኮምፒውተር ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ዓረፍተ ነገር የሚቆርጥ ፕሮግራም ይሳሳታል። ቀጥሎ ሞክሼ (ድምፃቸው አንድ የሆነ) ፊደላት ናቸው። በአንድ ገጽ «ጸሐፊ»፣ በሌላው «ፀሀፊ» ከተባለ ፍለጋው አንዱን ብቻ ያመጣል። የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር ፕሮጀክት ያዘገያል። ቡድኑ አንዱን ይምረጥ፤ ሌላውን ቬል ላይ የተከለከለ አድርጉት። ሃያና ሠላሳ ቃል፣ የምናሌና የቁልፍ ስሞች ከሆኑ በተለይ፣ ተወስኖ ቢመዘገብ ለመነሻ ይበቃል።